ስኪ ለመጀመር ኮሎራዶ ድረስ? ዘንድሮ ይቅርባችሁ

ጥያቄው፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴና እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግነው። እዚሁ የተወለዱ የ13፣ የ9 እና የ6 ዓመት ልጆች አሉን። የ67 ዓመት እናቴም ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን አሉ። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ማናችንም ስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተት) ሞክረን አናውቅም። የፈረንጆቹ ገና ሰሞን ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ኮሎራዶ፣ ብሬከንሪጅ ለአምስት ቀን ልንሄድ አስበናል። ባለቤቴ ዩቲዩብ እያየ ነው፤ ልጆቹን እኔው አስተምራለሁ ይላል። የአዲስ አበባ ልጆች ስለሆንን ከፍታው አያስቸግረንም ብለናል። ወፍራም ጃኬትና ጂንስ አለን። ሌላ ምን እናዘጋጅ? ትኬትስ መቼ እንግዛ?»

ትኬቱን ካልቆረጣችሁ አትቁረጡ። ብሬከንሪጅ መጥፎ ሆኖ አይደለም። አስራ አንድ ዊንተር ኮሎራዶ ውስጥ ስኪ አስተምሬያለሁ፤ ብሬከንሪጅ በጣም ከምወዳቸው ተራሮች አንዱ ነው። ግን ዕቅዳችሁን እንየው። ስኪ እግሩ ላይ አስሮ የማያውቅ ቤተሰብ፣ በዓመቱ በጣም ውድ በሆነው ሳምንት፣ 2,926 ሜትር ላይ እያደረ፣ አምስት ቀን በተከታታይ። እንዲህ ያለ ጉዞ ገንዘብ ይበላል፤ ልጆችንም ያስለቅሳል። ልጅ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከከፉበት ስኪን ጨርሶ ሊጠላው ይችላል። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ስለዚህ ከልብስና ከትኬት በፊት ዕቅዱን እንቀይረው።

ከጥያቄው ውስጥ አደገኛው ሐሳብ የከፍታው ነው፤ ከሱ ልጀምር። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የሚኖር ሰው አተነፋፈሱም ደሙም ስስ አየር ለምዷል። ይሄ እውነት ነው። ግን ልምዱ አብሯችሁ አይኖርም። ዝቅ ያለ ቦታ የኖረ ሰው በሳምንታት ውስጥ ያጣዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች ናት። እርስዎና ባለቤትዎ እዚያ ዓመታት ኖራችኋል። ልጆቹ ደግሞ ከፍታ ምን እንደሆነ አያውቁም። እናትዎ ከአውሮፕላን በወረዱበት ሳምንት ብትሄዱ ኖሮ ከስድስታችሁ ለተራራው የተዘጋጁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ግን ከሁለት ወር በላይ አልፏቸዋል፤ እሳቸውም እንደ እናንተው ሆነዋል።

ስለ ኢትዮጵያ ደገኞች ጥናት እንዳለ ሰምታችሁ ይሆናል። ሰሜን ተራሮች አካባቢ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው ሲመረመር፣ የሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) መጠናቸው ዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ብዙም ያልራቀ ሆኖ ተገኝቷል። የሚያኮራም የሚያስገርምም ነገር ነው። ግን የተጠኑት እዚያው ተወልደው እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ጠዋት ከሜሪላንድ በሮ ማታ ብሬከንሪጅ ለሚያድር ቤተሰብ ዋስትና አይሰጥም።

የከፍታ ሕመም የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ በሚያድሩ ሰዎች ላይ ነው። እዚያ ከደረሱ ከስድስት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት ይጀምራል። ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ትንሽ ልጅ ራሴን አመመኝ ላይል ይችላል። ይነጫነጫል፤ ምግብ ይገፋል። ወላጅ «መንገዱ አድክሞት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይሄን በየዓመቱ አይቻለሁ። ጉልበትም አያድንም፤ በየቀኑ የሚሮጠውንም ይይዘዋል። ቀላሉ ዓይነት በአንድ ሁለት ቀን ዕረፍት ይለቃል። ከአምስት ቀናችሁ ሁለቱ ግን አልጋ ላይ አለቀ ማለት ነው። ቁጭ ብሎ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ሳል የማይለቀው፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የሚምታታበት ሰው ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ እስኪነጋ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መሄድ፣ ዝቅ ወዳለ ቦታም መውረድ ያስፈልጋል።

የእናትዎ ጉዳይ ለብቻው ይታይ። ከፍታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የደም ግፊትን ሊጨምር ይችላል። መድኃኒታቸውን የሚያዝላቸውን ሐኪም ሳታማክሩ 2,900 ሜትር ላይ እንዳታሳድሯቸው። በጉብኝት ቪዛ ከመጡ ደግሞ የገዛችሁላቸውን ኢንሹራንስ አውጥታችሁ አንብቡ። ከዚህ በፊት የነበረ ሕመምን የማይሸፍን ውል ብዙ ነው። የዊንተር ስፖርት ጉዳትን የማይሸፍንም አለ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በትልልቆቹ የኮሎራዶ ሪዞርቶች፣ በፈረንጆቹ ገናና በአዲስ ዓመት መካከል፣ በዕለቱ መስኮት ላይ የሚገዛ የአንድ አዋቂ የአንድ ቀን ሊፍት (ወደ ተራራው የሚያወጣው ማመላለሻ) ትኬት ከ200 ዶላር በላይ ነው። ሁለታችሁ ብቻ ለአምስት ቀን ብትገዙ 2,000 ዶላር አለፈ። የልጆቹ ትኬት፣ የዕቃ ኪራይ፣ የአስተማሪ፣ የማደሪያ፣ የስድስት ሰው በረራ ገና አልተቆጠረም። ይህን ሁሉ የምትከፍሉት ለተራራው ትልቅነት ነው። ብሬከንሪጅ ከጫፍ እስከ ግርጌ 1,036 ሜትር ቁልቁለት አለው። ጀማሪ ግን የሚውለው ግርጌው ላይ ነው፤ ቀስ ብላ የምትወርድ አጭር ሜዳ ላይ። እንዲህ ያለች ሜዳ ከቤታችሁ ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ አለች። ለጀማሪ ትምህርቱም ያው ነው፤ አወዳደቁም ያው ነው።

መንገዱም ቀላል አይደለም። ከዴንቨር ኤርፖርት ብሬከንሪጅ 100 ማይል ገደማ ነው። ደረቅ ቀን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በዓል ሰሞን ቅዳሜ ቀን በረዶ እየጣለ ከሆነ ግን ሰዓቱ እጥፍ ቢሆን አትገረሙ። ወደ ተራሮቹ የሚወስደው አውራ ጎዳና፣ አይ-70፣ አይዘንሃወር ቶነል ጋ ሲደርስ ከ3,350 ሜትር በላይ ይወጣል። በኮሎራዶ ሕግ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው የአይ-70 ክፍል፣ ሞተሩ ሁለት ጎማ ብቻ የሚያሽከረክርለት (ቱ-ዊል ድራይቭ) መኪና ለበረዶ የሚሆን ጎማ ሊኖረው ወይም ሰንሰለት ሊይዝ ይገባል። ከኤርፖርት የሚከራዩት መኪና ይህን ማሟላቱን የሚያረጋግጥልዎ ሰው ላይኖር ይችላል። ሦስት ልጅና አንድ አዛውንት ይዞ፣ በማያውቁት ተራራ፣ ማታ፣ በሚያንሸራትት አስፋልት ላይ መንዳት ለማንም አልመክርም። ወደፊት ኮሎራዶ ብትሄዱ ሻትል ያዙ።

እንግዲህ ቅርብ ቦታ ስል ብዙ ሰው «እዚህማ በረዶ የለም» ይለኛል። እዚህ ላይ ቋንቋችንም ትንሽ ያሳስተናል። በአማርኛ እንደ ጠጠር የሚወርደውም በረዶ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው፤ እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚረግፈውም በረዶ ነው። ለዚህኛው አመዳይ የሚል ቃል ነበረን፤ አሁን ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ብዙም አይሰማም። ስኪ ለሚያደርግ ሰው ግን በነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ የምታገኙት በአብዛኛው ደረቅና ለስላሳ አመዳይ ነው። ፔንሲልቬንያና ሜሪላንድ ላይ የምታገኙት ብዙው በማሽን የተሠራ ነው። ትልልቅ ማራገቢያ የሚመስሉ ማሽኖች ውኃን አድቅቀው ይረጩታል፤ ጠብታው መሬት ሳይነካ ይረጋል። ለዚህ አየሩ ከዜሮ በታች ሁለት ሦስት ዲግሪ ሴልሺየስ መውረድ አለበት። አየሩ ደረቅ ከሆነ ትንሽ ሞቅ ቢልም ይሠራል። ስለዚህ የሚፈለገው ሰማዩ በረዶ እንዲጥል ብቻ አይደለም። ተከታታይ ቀዝቃዛ ሌሊቶች ካሉ፣ ግቢያችሁ ሣር እየታየበትም ተራራው ነጭ ይሆናል።

ይሄ በቀን ምርጫ ላይ ለውጥ ያመጣል። በእኛ አካባቢ ተራሮች የፈረንጆቹ ገና ሳምንት አስተማማኝ አይደለም። አንዳንድ ዓመት ጥሩ ይሆናል፤ አንዳንድ ዓመት ዝናብ ይወርድና የተከፈተው የመንሸራተቻ መስመር ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይሆናል። የተከፈተችው ጠባብ ቦታ ላይ ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ ይሰበሰባል። ለጀማሪ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። የሚፈራው ቁልቁለቱን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የሚመጣበትን ሰውም ነው። ከጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ፌብሩዋሪ ማብቂያ ያለው ጊዜ በጣም የተሻለ ነው። እንዲያውም ለኛ ይመቻል። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። በዓሉን ቤታችሁ አክብራችሁ፣ ዶሮውን በልታችሁ፣ ከዚያ ውጡ። ዲሴምበር ላይ ብትሄዱ የነቢያት ጾም ነው። ለሚጾም ሰው ደግሞ የሪዞርት ካፊቴሪያ ከድንች ጥብስና ከሰላጣ የዘለለ ብዙ ነገር የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ብርድ ላይ ለዋለ ሰው አይበቃም። ሁለት ቅዳሜና እሑድን ግን ሽሹ፦ ጃንዋሪ ላይ የማርቲን ሉተር ኪንግን፣ ፌብሩዋሪ ላይ የፕሬዚዳንቶች ቀንን። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችን ካላንደር አውጡና ተማሪ የማይገባበት፣ ብሔራዊ በዓል ያልሆነ የሥራ ቀን ፈልጉ። የናንተ ቀን እሱ ነው።

የት? መጀመሪያ ሊበርቲ ወይም ዋይትቴይል ለአንድ ቀን። ሁለቱም ደቡብ ፔንሲልቬንያ ያሉ የስኪ ቦታዎች ናቸው። ሊበርቲ ጌቲስበርግ አካባቢ ነው፤ በፍሬድሪክ አድርጋችሁ በሩት 15 ትሄዳላችሁ። ቁልቁለቱ 189 ሜትር ነው። ዋይትቴይል ወደ ምዕራብ ትንሽ ይርቃል፤ 285 ሜትር አለው። እኔን ብትሉኝ ሊበርቲን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የ6 ዓመት ልጅ ይዛችሁ መንገድ ያጠረ ይሻላል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይታችሁ ሁለት ሌሊት ዊስፕ እደሩ። ዊስፕ እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ ጋሬት ካውንቲ፣ ዲፕ ክሪክ ሐይቅ አጠገብ፣ በአይ-68 ሦስት ሰዓት ገደማ። የተራራው ጫፍ 950 ሜትር ቢሆን ነው። ከፍታ የሚባል ጣጣ የለም። ጋሬት በሜሪላንድ ብዙ በረዶ የሚጥልበት ካውንቲ ስለሆነ የሰማዩንም አመዳይ የማግኘት ዕድል አላችሁ። የአይ-68 ዳገቶች ላይ ግን ጉምና ግግር በረዶ ድንገት ያጋጥማል፤ አርብ ማታ ከሥራ ወጥቶ ከመሮጥ ቅዳሜ በብርሃን መንዳት ይመረጣል። ሐይቁ ዙሪያ ኩሽና ያላቸው የሚከራዩ ቤቶች አሉ። እንጀራችሁን፣ ሽሯችሁን፣ ጀበናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እናትዎ እሳት አጠገብ ጋቢያቸውን ለብሰው ቡና ያፈላሉ። ልጆቹም ቀዝቅዘው ሲመጡ የሚገቡበት ሞቃት ቤት ይኖራቸዋል። ለትንንሽ ልጆች ይሄ ከተራራው ትልቅነት በብዙ ይበልጣል።

ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ስኖውሹ ከነዚህ ሁሉ ይተልቃል፤ መንደሩም ተራራው አናት ላይ ነው። ግን መንገዱ ረጅምና ጠመዝማዛ ነው። ለመጀመሪያ ዓመት አያስፈልጋችሁም።

አሁን ባለቤትዎን ይጥሩልኝና አብራችሁ አንብቡ። ከዩቲዩብ ስኪ አይማሩም። እሱ ራሱ ያልቻለውን ለልጅ ሊያስተምር ደግሞ ፈጽሞ አይችልም። አባት ልጁን ሲያስተምር የሚሆነውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ልጁን ይዞ መካከለኛ መስመር ላይ ይወጣል፤ ልጁ ቁልቁለቱን አይቶ ይቆማል፤ አባት መጀመሪያ ያበረታታል፣ ከዚያ ይቆጣል። አንዲት የ8 ዓመት ልጅ እንዲህ ሆና ስታለቅስ አግኝቻት ተሸክሜ ነው ያወረድኳት። እኔ ዘንድ ለመማር ያመጧት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ቡቱን (የስኪ ጫማውን) ስታይ ትንቀጠቀጥ ነበር። አስተማሪ የሚጀምረው ከቁልቁለት አይደለም። ሜዳ ላይ በአንድ ስኪ ያስኬዳል። መውደቅን፣ ወድቆ መነሣትን ያሳያል። ከዚያ የስኪዎቹን አፍ አቀራርቦ ጀርባቸውን በመክፈት መቆምን ያስተምራል። ልጆች ይሄን «ፒዛ» ይሉታል፤ ስኪው ቀጥ ሲል ደግሞ «ፍሬንች ፍራይ» ነው። ፒዛ ሠርቶ መቆም ያልቻለ ልጅ ወንበር ሊፍት ላይ አይወጣም። ሊፍት ያወጣል እንጂ አያወርድም።

ስለዚህ አምስታችሁም ተማሩ። ሁለታችሁም ጭምር። አብዛኛው ሪዞርት ለጀማሪ የሚሸጠው አንድ ላይ የታሰረ ነገር አለ፦ የግማሽ ቀን የቡድን ትምህርት፣ የዕቃ ኪራይ፣ የጀማሪ ሜዳ ብቻ የሚያስገባ ሊፍት ትኬት። ለየብቻ ከመግዛት በጣም ይረክሳል። በኢንተርኔት ቀደም ብላችሁ ግዙት፤ የልጆች ክፍል በተለይ ቶሎ ይሞላል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ዝናብ ቢመጣ ቀኑን መቀየር ይቻል እንደሆነ አንብቡ። ማደሪያውም መሰረዝ የሚቻል ይሁን። በእኛ አካባቢ የአየር ጠባይ ይሄ ከቅናሽ ይበልጣል።

የ13 ዓመቱ ልጅ ስኖውቦርድ (ሁለቱን እግር አንድ ሰሌዳ ላይ አስሮ መንሸራተት) ካላደረግሁ ብሎ ችክ ይል ይሆናል። ይፍቀዱለት፤ ግን እውነቱን ይንገሩት። ስኪ በመጀመሪያው ቀን ቶሎ ያስኬዳል። ስኖውቦርድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት መቀመጫና የእጅ አንጓ ያሳምማል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚቀለው። የእጅ አንጓ መከላከያ ይግዙለት።

ዕቃ አትግዙ፤ ተከራዩ። ኪራይ ቤቱ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና ችሎታ ይጠይቃችኋል። እውነቱን ተናገሩ። ክብደታቸውን የሚቀንሱ፣ ችሎታቸውን የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ቡቱን ከስኪው ጋር የሚይዘው መቆለፊያ የሚስተካከለው በዚህ ቁጥር ነው። በጣም ከጠበቀ ስትወድቁ አይፈታም፤ ጉልበት ይጠማዘዛል። በጣም ከላላ ሳያስፈልግ ይፈታል። ቡት ደግሞ እንደ ጫማ አይለካም። ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ የእግር ጣት ጫፉን ይነካል፤ ጉልበት ስታጥፉ ይለቃል። ልኩ እሱ ነው። ውስጡ አንድ ቀጭን የሱፍ ወይም የስፖርት ካልሲ ብቻ። ሁለት ካልሲ መደረብ እግርን የሚያሞቅ ይመስላል፤ ግን ደም እንዳይዘዋወር ያደርግና እግሩን ያቀዘቅዘዋል።

ጂንሱን ቤት ተዉት። ጥጥ እርጥበት ይጠጣል፤ አንዴ ከረጠበ አያሞቅም። ጀማሪ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚወድቀው በረዶ ላይ ነው። ጋቢ ስንት ብርድ እንዳሳለፈልን አውቃለሁ፤ ለቤት ውስጥ ወደር የለውም፤ ግን ጥጥ ነው። ከሰውነት ጋር የሚገናኘው የሱፍ ወይም የፖሊስተር ቀጭን ልብስ ይሁን፤ መሐሉ ፍሊስ (ለስላሳ ሹራብ መሳይ ልብስ)፤ ላዩ ውኃ የማያስገባ ሱሪና ጃኬት። ሱሪውን ብዙ ቦታ ያከራያሉ፤ ጓደኛ ካላችሁም ተዋሱ። ጓንት ላይ አትቆጥቡ። የልጅ ጓንት ይረጥባልና ሁለት ሁለት ጥንድ ያዙላቸው።

ሄልሜት ለሁላችሁም። ለሴቶች ልጆች ፀጉር አስቀድማችሁ አስቡ። ከፍ ብሎ የታሰረ ፀጉር ወይም ወፍራም ሹሩባ አናት ላይ ካለ ሄልሜቱ አይቀመጥም፤ ያልተቀመጠ ሄልሜት ደግሞ አያድንም። ቀጭን ሹሩባ ወደ ኋላ ተሠርቶ ማጅራት ላይ ዝቅ ብሎ ቢታሰር ጥሩ ነው። የሚንጠለጠል ሻርፕ፣ ነጠላ ወይም ሻሽ ሊፍት አጠገብ አይደረግም። ሊፍቱ ሊይዘው ይችላል። የአንገት ሙቀት ከፈለጋችሁ በአንገት የሚጠለቅ ቱቦ መሳይ ጨርቅ አለ፤ እሱን ግዙ።

«እኛን ፀሐይ አያቃጥለንም» የሚለውንም ተዉት። ትኩስ አመዳይ ካረፈበት አልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ያንጸባርቃል። ፊት ከላይም ከታችም ይመታል። ቆዳችን የተወሰነ መከላከያ አለው፤ ዓይናችን ግን የለውም። ያለ ጎግል (የበረዶ መነጽር) የዋለ ሰው ማታ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስለዋል። ጎግልና ሰንስክሪን ለሁሉም፣ ደመና ቢሆንም።

ሜዳው ላይ ስትወጡ ምልክቶቹን እወቁ። አረንጓዴ ክብ ቀላል ነው፤ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛ፤ ጥቁር ዳይመንድ ከባድ። ግን ምልክቱ የሚሰጠው በዚያው ተራራ ካሉት ሌሎች መስመሮች ጋር ተነጻጽሮ ነው። የሊበርቲ ሰማያዊ የብሬከንሪጅ ሰማያዊ አይደለም። ከፊታችሁ ያለው ሰው ቅድሚያ አለው፤ ከላይ የሚመጣው ነው የሚጠነቀቀው። ለልጆቹ ይሄን አንድ ደንብ ከመኪና ሳይወርዱ አስጠኗቸው። ሰው ከተጎዳ አታንሡት፤ ስኪዎቹን በመስቀል ቅርጽ ከበላዩ ተክላችሁ የስኪ ፓትሮል (የተራራው የአደጋ ረዳቶች) ጥሩ።

ከእናንተ አንዱ ቁልቁለት አልወድም ቢል አያስገድዱት። ሜዳ ለሜዳ የሚኬድበት ክሮስ ካንትሪ አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም 2006 ላይ ቱሪን፣ 2010 ላይ ቫንኩቨር ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው በዚሁ ነው። በዊንተር ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ከዊስፕ ብዙም ሳይርቅ ያለው ኒው ጀርመኒ ስቴት ፓርክ የሰማይ በረዶ በጣለ ጊዜ ለዚህ የሚሆን መንገድ አለው። በተነፋ ጎማ ላይ ተቀምጦ መንሸራተት፣ ቲዩቢንግ፣ ለልጆቹ ደስ ይላል። ለእናትዎ ግን አይሁን፤ ወገብ ይመታል።

ኮሎራዶ ሕልማችሁ ከሆነ አልከለክላችሁም፤ ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። በሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ ሰማያዊ መስመር በፒዛ ሳይሆን እየተጠማዘዙ መውረድ ሲችሉ፣ ትልቁን ተራራ ያስቡ። ያኔም ቢሆን ለናንተ ከብሬከንሪጅ በፊት ዩታ ያለችውን ሶልት ሌክ ሲቲን እመርጣለሁ። የከፍታ ሕመም በዋናነት የሚወሰነው በሚያድሩበት ቦታ ነው። ሶልት ሌክ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከተማው ውስጥ አድራችሁ ቀን ብራይተን ወደሚባለው የስኪ ተራራ ትወጣላችሁ፤ ግርጌው 2,668 ሜትር ነው፤ ለጀማሪና ለልጆች የሚመች ሰፊ ሜዳ አለው። ወደዚያ የሕዝብ አውቶቡስም ይወጣል። ጊዜው ማርች መጨረሻ፣ የትምህርት ቤት የፀደይ ዕረፍት ቢሆን ጥሩ ነው። ተራሮቹ ላይ ገና ብዙ በረዶ አለ፤ ቀኑ ይረዝማል፤ ብርዱም ይለዝባል። ዐቢይ ጾም ሊሆን ስለሚችል ኩሽና ያለው ማደሪያ ያዙ። የሊፍት ፓሱን (ለብዙ ቀን የሚያገለግለውን ትኬት) መኸር ላይ ግዙት፤ ዋጋው ወደ ዊንተር እየቀረበ ሲሄድ ይጨምራል፤ የብዙዎቹ ሽያጭም ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ይዘጋል።

ለአሁን ግን ሁለት ነገር አድርጉ። ለእናትዎ የሐኪም ቀጠሮ ያዙ። ከኛ ገና በኋላ፣ ተማሪ በማይገባበት የሥራ ቀን፣ ሊበርቲ ላይ የአምስት ሰው የጀማሪ ትምህርት አስመዝግቡ። የ6 ዓመቱ ልጅ አረንጓዴውን መስመር ከላይ እስከ ታች ሳይወድቅ በወረደ ቀን ይጻፉልኝ፤ የሶልት ሌኩን ጉዞ ያኔ ቁጭ ብለን እናወጣዋለን።